ወገብ ላይ የተከማቸ ካልሲየም፦ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ፎስፈረሱ

ጥያቄ፦ «እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ትታጠባለች። ከዓመት ወዲህ ወገቧ ላይ በቀኝ በኩል ጠንካራ እብጠት ወጥቶ አሁን ትልቅ ሎሚ አክሏል። ሕመሙ ወደ እግሯ ይወርዳል። አንድ ክሊኒክ መግል ነው ብለው በመርፌ ሲቀዱት ኖራ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ወጣ። አንቲባዮቲክ ወስዳ ለውጥ አላየንም። ሲቲ ስካኑ ‹ከአከርካሪው አጠገብ 6 በ4 ሴንቲ ሜትር የካልሲየም ክምችት፤ ቲዩሞራል ካልሲኖሲስ ሊሆን ይችላል› ይላል። የደም ካልሲየሟ 10.4፣ ፎስፈረሷ 8.2 ነው። የታዘዘላትን የካልሲየም ክኒን ማታ ስትተኛ ትውጣለች። አክስቴ ከአሜሪካ የላከችላትንም ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር ለወገቧ ብላ ትወስዳለች። ካንሰር ነው? ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ ህንድ ሄዳ ኦፕራሲዮን ትሁን እያለ ነው። ወተትስ ታቁም? ለእኛ ለልጆቿስ ይተላለፋል?» ጠያቂዋ የሲቲውን ፊልምና የደም ምርመራውን ወረቀት አያይዘዋል።

ምላሽ፦ የህንዱን ቲኬት አይቁረጡ። ቢያንስ ለጊዜው። እኔ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ እንጀራዬ ኦፕራሲዮን ነው። እንዲያም ሆኖ የላኩልኝን ሳየው ቀድሞ መስተካከል ያለበት የእናትዎ ደም ነው፤ ወገባቸው ይደርሳል። ፎስፈረሳቸው 8.2 ሆኖ እብጠቱን ብናወጣው ነገሩ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው። ተመልሶ ያብጣል።

ካንሰር ነው ወይ ላሉት፣ ያየሁት ሁሉ የሚያመለክተው ሲቲው ወደ ጠቀሰው ቲዩሞራል ካልሲኖሲስ ነው፤ ካልሲየም ከመገጣጠሚያ አጠገብ ተከማችቶ ዕጢ የሚመስል እብጠት ሲሠራ ማለት ነው። እብጠቱ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ተጋግረው የሠሩት ደቃቅ ጠጠር፣ ነጭ ፈሳሽና ዙሪያውን የያዘ ጠባሳ መሰል ሽፋን ነው። እንደ ካንሰር ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት አይሰራጭም። ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስተው ልብ ብለው ይዩት። ከከረጢቶቹ በአንዳንዶቹ ውስጥ ቀጥ ያለ አግድም መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ግራጫ ነው፣ ከታች ደማቅ ነጭ። እናትዎ በጀርባቸው ተኝተው ስለተነሱ ከባዱ ካልሲየም ወደ ታች ዘቅጦ ነው። ይህን መስመር ካየሁ ሐሳቤ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚሁ በሽታ ነው። ደግሞ አጠገቡ ያለው አጥንት አልተበላም። ካልሲየም የያዘ ክፉ ዕጢ ብዙውን ጊዜ አጥንቱን ይቦረቡራል፣ ድንበሩም እንዲህ የለየለት አይሆንም። በፊልም ብቻ መቶ በመቶ ማለት አይቻልም። ግን የኩላሊቱ ታሪክ፣ የደሙ ቁጥርና ፊልሙ አንድ ነገር ሲናገሩ ናሙና ለመውሰድ አልቸኩልም።

በመርፌ የተቀዳው ነጭ ፈሳሽም መግል አልነበረም። ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ የካልሲየም ደቃቅ ነው። የቁስል ጨርቅ ላይ ጠብ ብሎ ሲደርቅ የጠመኔ ዱቄት ይመስላል። አንቲባዮቲኩ ያልሠራው ለዚህ ነው፤ የሚገድለው ባክቴሪያ አላገኘም። ከእንግዲህ ያንን እብጠት ማንም በመርፌም ሆነ በምላጭ እንዳይነካው። ወጌሻም እንዳያሸው። አንዴ ቆዳው ከተበሳ ቀዳዳው እንቢ ብሎ ለወራት ነጭ ሊያፈስ ይችላል። በዚያ በር ባክቴሪያ ከገባ ያኔ እውነተኛ መግል ይመጣል፣ ያውም አከርካሪ አጠገብ፣ ያውም የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ። እስካሁን ቀዳዳው ከዳነ ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ጤነኛ ኩላሊት ትርፍ ፎስፈረስን በሽንት ያስወጣል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የሚጠበቀው ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ኩላሊት ሲቆም ሥራው በዲያሊሲስ ማሽኑ ላይ ይወድቃል፤ ማሽኑ ደግሞ ፎስፈረስ ላይ ጎበዝ አይደለም። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው መካከለኛ ምግብ እየበላ በቀን 600 ወይም 700 ሚሊግራም ፎስፈረስ ከአንጀቱ ወደ ደሙ ይገባል። በሳምንት ወደ 4,500 ሚሊግራም መሆኑ ነው። አራት ሰዓት የፈጀ አንድ እጥበት የሚያወጣው ከ800 እስከ 1,000 ነው። እናትዎ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚታጠቡ ቢበዛ 2,000 ይወጣል። ቀሪው የት ይሄዳል? ደም ውስጥ ይቆያል፣ ካልሲየም ሲያገኝ ይጋገርና እንደ ጡንቻ ባለ ለስላሳ አካል ውስጥ ይቀመጣል። ሦስት ቀን የሚታጠብ ሰው እንኳ ሂሳቡ አይዘጋለትም፤ ፎስፈረስ የሚያስር ክኒን የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ሁለት ቀን የሚታጠበው ሐኪሙ ይበቃል ስላለ ሳይሆን ወጪው ስለማይቻል መሆኑን አውቃለሁ። ሰውነት ግን ኪስ አያይም።

የካልሲየሙንና የፎስፈረሱን ቁጥር ሲያባዙት 85 ገደማ ይመጣል። በድሮው ልምድ ከ70 በላይ ሲሆን ክምችት ይፈራ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ብዜቱን ብቻ አይተው አይወስኑም፤ ቢሆንም 85 ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ክምችቱ ዘወትር የሚመርጠው የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ዙሪያ ነው፦ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ክርን። አከርካሪ ላይ መውጣቱ ብርቅ ነው። ሲወጣም እንደ እናትዎ ከኋላ በኩል ባሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ዙሪያ ይጀምርና ወደ ጡንቻው ወይም ወደ ነርቮቹ መንገድ ያድጋል። የእሳቸው በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ነው። የእግሩም ሕመም ከዚያ የሚወጣው ነርቭ መጨቆኑን ይጠቁማል።

በጣም ያሳሰበኝ የክኒኑ ነገር ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ለዲያሊሲስ ታካሚ የሚታዘዘው አጥንት ለማጠንከር አይደለም። ሥራው ከምግቡ ጋር ሆድ ውስጥ ተገናኝቶ ፎስፈረሱን አስሮ በሰገራ ማስወጣት ነው። ስለዚህ ከጉርሻ ጋር ነው የሚዋጠው። ማታ በባዶ ሆድ ሲወሰድ የሚያስረው ፎስፈረስ የለም፤ የእራቱ ፎስፈረስ ቀድሞ ደም ገብቷል። ካልሲየሙ ራሱ ወደ ደም ይገባና ለክምችቱ ሌላውን ግማሽ ያቀብላል። አንድ የ1,250 ሚሊግራም ክኒን ውስጥ 500 ሚሊግራም ንጹህ ካልሲየም አለ። በላዩ ላይ ከአሜሪካ የመጣው ተጨምሯል። አብሮት ያለው ቫይታሚን ዲ ደግሞ አንጀት ካልሲየሙንም ፎስፈረሱንም አብዝቶ እንዲመጥ ያደርጋል። አክስትዎ በቅን ልቦና ነው የላኩት። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ቫይታሚን ጉዳት የለውም የሚለው እምነት ግን ለኩላሊት ታካሚ አይሠራም። እሱን ዛሬውኑ ያቁሙ። የታዘዘውን በተመለከተ የኩላሊት ሐኪማቸውን በዚህ ሳምንት ያግኙ። ካልሲየማቸው 10.4 ላይ ስለሆነ ካልሲየም በሌለበት የፎስፈረስ ማሰሪያ ክኒን፣ ለምሳሌ በሴቬላመር፣ እንዲቀየርላቸው ይጠይቁ። ዋጋው ይከብዳል፣ በየፋርማሲውም አይገኝም። ቢሆንም የህንዱ ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚህ ነው። አንዳንድ ሰው በርካሽ የጨጓራ ሽሮፕ ይተካዋል። አሉሚኒየም ያለበት ሽሮፕ ፎስፈረስ ያወርዳል፣ እውነት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን አሉሚኒየሙ ከሰውነት ስለማይወጣ አንጎልንና አጥንትን ይጎዳል።

ከላኩልኝ ወረቀት አንድ ትልቅ ነገር ጎድሏል፤ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ፣ ላቦራቶሪዎች ፒቲኤች የሚሉት። አንገት ውስጥ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው የሚያመነጩት። ያለዚህ ቁጥር የሚታዘዝ ነገር ሁሉ ግምት ነው፤ ምክንያቱም ሕክምናው ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ መንገዶችም ተቃራኒ ናቸው። ሆርሞኑ በጣም ከፍ ካለ ዕጢዎቹ ካልሲየምና ፎስፈረስ ከአጥንት እየፈለፈሉ ወደ ደም እየለቀቁ ነው ማለት ነው። ያኔ ሆርሞኑን የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጣል፤ ካልበረደ አንገት ተከፍቶ ዕጢዎቹ ይወጣሉ። ከዚያ ኦፕራሲዮን በኋላ ማንም ወገቡን ሳይነካው እብጠቱ በወራት ውስጥ የሚያንስላቸው ታካሚዎች አሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን የተራበ አጥንት ካልሲየሙን ሲስብ ደም ውስጥ ያለው በአንዴ ሊወርድ ይችላል፤ ከንፈርና ጣት ይነዝራል፣ ሆስፒታል ውስጥ ክትትል የግድ ነው። በተቃራኒው ሆርሞኑ ዝቅ ካለ አጥንቱ ሥራ ፈትቷል። የገባለትን ካልሲየም አይቀበልም፣ ስለዚህ ለስላሳው አካል ላይ ይራገፋል። ያኔ ዕጢ ማውጣት ጥፋት ነው። መድኃኒቱ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መቀነስ፣ የማሽኑ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ካልሲየምም ዝቅ ማድረግ ነው። ምርመራው አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ይሠራል።

ከመወሰናችን በፊት የሳንባ ነቀርሳ ነገር መነሳት አለበት። በእኛ አገር ከአከርካሪ አጠገብ ካልሲየም ያለበት እብጠት ሲባል የአከርካሪ ቲቢ ትቶት የሄደ መግልም ሊሆን ይችላል፤ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለቲቢ የበለጠ ይጋለጣል። ልዩነቱ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከፊት በኩል፣ ከአከርካሪው አካልና ከዲስኩ ነው፤ አጥንቱን በልቶ ያጎብጣል። የእናትዎ አጥንትና ዲስክ ደህና ናቸው፣ እብጠቱም ከኋላ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው የደም ደለል ፍጥነት ምርመራ ብዙ አይረዳንም፤ የዲያሊሲስ ታካሚ ያለ ቲቢም ከፍ ይልበታል። ሪህ፣ ቆዳን የሚያጠነክረው ስክሌሮደርማና ከመገጣጠሚያ አጠገብ የሚነሱ ክፉ ዕጢዎችም እንዲህ ያለ ነጭ ነገር ሊያሳዩ ይችላሉ። ናሙና የምጠይቀው እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ካደገ፣ አጥንት መብላት ከጀመረ ወይም የደሙ ቁጥር ተስተካክሎም መጨመሩን ካላቆመ ነው። ያውም በሲቲ እየታየ፣ ንጽህናው በተጠበቀ ክፍል ውስጥ።

ወተት ያቁሙ ወይ ላሉት፣ ጠላቱ ወተት ብቻ አይደለም። አንድ ኩባያ ወተት ከ200 ሚሊግራም በላይ ፎስፈረስ አለው፣ ስለዚህ ይቀነስ። ከወተቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ፋብሪካ የጨመረው ፎስፌት ነው፤ ኮላ መጠጦች፣ የታሸገ ሥጋ፣ የሚቀባ አይብ። እሱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ደም ይገባል። በባቄላ፣ በሽምብራና በምስር ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ግን አብዛኛው ከእህሉ ጋር ታስሮ ስለሚኖር ሰውነት የሚወስደው ያነሰ ነው። «ሽሮ ፎስፈረስ አለበት» ተብለው ደንግጠው ሥጋ በሥጋ ከሆኑ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የፖታሲየሙ ጉዳይ ለብቻው ነው፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገራቸው። ወገባቸውን ስላመማቸው ጎረቤት የአጥንት መረቅ ጠጡ እያለ ከሆነ ይቅር። ሥጋና አጥንት ሲቀቀል ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ወደ ውኃው ይወጣል፤ የሚበላው ሥጋው ነው፣ መረቁ ይደፋ። ፕሮቲን ጭራሽ ማቆም ግን አይገባም። ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ የተራበ ሰው ቁስሉም አይድንለትም።

ለሕመሙ የዲክሎፌናክ መርፌ አያስወጓቸው። ጨጓራ ያደማል፣ የቀረች የኩላሊት አቅም ካለችም ያሳጣል። ፓራሲታሞል በልክ ይሻላል። ለነርቭ ሕመም ጋባፔንቲን ከታዘዘ ደግሞ መጠኑ ለዲያሊሲስ ሰው በጣም ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ሰውየው ይፈዝዛል፣ ይቀባዥራል።

ኦፕራሲዮን መቼ? ነርቮቹ ሲጨቆኑና እግር ሲደክም። ወይም ፎስፈረሱ ወርዶ ስድስት ወር ገደማ ቆይቶም ሕመሙ ኑሮ ሲነሳ። ያኔ እኔም እሠራለሁ። ግን ምን እንደሚጠብቃቸው ይወቁ። ክምችቱ መገጣጠሚያውን አቅፎ ስለሚይዝ ሙሉ በሙሉ ለማውጣት አንዳንዴ መገጣጠሚያው አብሮ ይሄዳል። አከርካሪው ሲላላ በብረት መታሰር አለበት፤ የዲያሊሲስ ሰው አጥንት ደግሞ ብሎኑን አጥብቆ ላይዝ ይችላል። በእጥበት ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለቀናት መቅረት አለበት፤ አለዚያ አከርካሪው ውስጥ ደም ይቋጥራል። በከፊል ከወጣ ቀሪው ያድጋል። ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ውስጥም ይሠራል። ህንድ የሚሄድ ሰው ያን ሁሉ ካወጣ በኋላ ተመልሶ በሳምንት ሁለት ቀን መታጠቡን ከቀጠለ ቤተሰቡ ያወጣው ብር ለጥቂት ወራት እፎይታ ነው። ዘላቂው ነገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። ኩላሊቱ ሲሠራ ብዙ ጊዜ እብጠቱም ያንሳል። በጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል፤ ኩላሊት የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ አባል ነው። ከእናንተ መካከል ፈቃደኛና ጤነኛ ሰው ካለ ያንን ጥያቄ አሁኑኑ ያንሱት።

ለልጆች ይተላለፋል ወይ? ይኼኛው አይተላለፍም፤ የኩላሊት መቆም ያመጣው ነው። በዘር የሚመጣ ሌላ ዓይነት አለ። እዚያ ኩላሊቱ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን ፎስፈረስ አስወጣ ብሎ የሚያዘው ኤፍጂኤፍ23 የተባለ የአጥንት ሆርሞን በጂን ስህተት ሥራውን አይሠራም። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ዳሌና ክርን ላይ ይጀምራል፣ የጥርስ ሥር ያሳጥራል፣ ልጁ የሚይዘውም ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ጂን ሲወርስ ነው። በአፍሪካውያንና በትውልደ አፍሪካውያን ቤተሰቦች በብዛት ተመዝግቧል። በ52 ዓመት፣ ከአምስት ዓመት ዲያሊሲስ በኋላ የመጣ እብጠት ግን እሱ አይደለም። እናንተ ልጆቹ ልትፈሩ የሚገባው ኩላሊታቸውን ያቆመውን በሽታ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም ኩላሊት ላይ ውኃ የሚቋጥር የዘር በሽታ ከሆነ ሁላችሁም ግፊታችሁን፣ ስኳራችሁንና ሽንታችሁ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን አስመርመሩ።

እንግዲህ ምክሬ ይኼ ነው። በዚህ ሳምንት የአሜሪካው ክኒን ይቁም፣ የታዘዘው ማሰሪያ ከምግብ ጋር እንዲሆን ወይም እንዲቀየር ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፣ ፒቲኤች ይመርመሩ። ከተዋጣው ገንዘብ በሳምንት ሦስተኛ እጥበት ይጨመር፤ ካልሲየምና ፎስፈረስ በየወሩ ይለካ። የወገቡን ነርቮች ለማየት ኤምአርአይ ያስነሱ፤ ያለ ኮንትራስት መርፌ ይበቃል። ጋዶሊኒየም የሚባለው የኤምአርአይ መርፌ በዲያሊሲስ ሰው ላይ ቆዳን የሚያደነድን ከባድ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ሳይጠየቅ አይሰጥ። የፒቲኤች ቁጥሩና ኤምአርአዩ ሲደርስ ለአከርካሪ ሐኪምና ለኩላሊት ሐኪም አንድ ላይ ያሳዩ፤ አንዱ ሌላውን ሳያማክር እንዳይወስን።

ከዚያ በፊት ግን እግራቸው ከከዳቸው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ማንሳት ካቃታቸው፣ መቀመጫቸውና የጭናቸው መሃል ከደነዘዘ ወይም ሰገራ ሳይታወቃቸው ካመለጣቸው በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ሽንት አልወጣ አለኝ እስኪሉ አይጠብቁ። ዲያሊሲስ ላይ የቆየ ሰው ሽንቱ ቀድሞ ስለሚቀንስ ወይም ስለሚቆም ያ ምልክት ለእሳቸው ላይመጣ ይችላል። ሲደርሱ «የወገብ ሕመም» ብለው አይመዝገቡ፤ «ነርቭ ተጨቁኗል፣ እግራቸው እየደከመ ነው» ይበሉ፣ ፊልሙንም ይዘው ይሂዱ።